በብርድ እንድትቀመጥ ስለታዘዘችው የዱባ ንግሥት

ለተከበሩ አቶ ሮላንድ ኤክዳል
የሉንድ ክሪክ ከተማ የሃሎዊን ሰልፍ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሉንድ ክሪክ፣ ሚኒሶታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም ለሠላሳ አንድ ዓመታት የከተማችንን ጥርስ ሲነቅሉና ሲሞሉ የኖሩትን የሁለት እጆችዎን ጤንነት ከልብ እመኛለሁ። በየዓመቱ በሃሎዊን ምሽት ልጆቻችን ጭምብላቸውን አጥልቀው ደጅዎን ሲያንኳኩ፣ ለከረሜላ በዘረጉት ከረጢት ውስጥ የጥርስ ብሩሽ ጠብ የሚያደርጉ ብቸኛው ሰው እርስዎ መሆንዎን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስለሆነም ይህንን ደብዳቤ ስጽፍ ለልጆች ጤና ከሚጨነቅ ሰው ጋር እንደምነጋገር በሙሉ ልብ አምኜ ነው። በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ክሊኒክዎ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ በመጀመሪያው ቀን ሰው አፍ ውስጥ ነዎት ተብዬ፣ በሁለተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ተመልሻለሁ። ጋዜጣውን ግን ሐሙስ ሐሙስ ከቁርስ ጋር እንደሚያነቡ ሰምቻለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ዳርላ ኒስካነን እባላለሁ። በበረዶው ወራት የአውራጃውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና የምነዳው፣ ከደጅዎ ፊት የተቆለለውን በረዶ ገፍቼ የማልፈው እኔ ነኝ። ከዚያም በላይ የአይሊ እናት ነኝ። አይሊ ደግሞ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስትሆን በዘንድሮው የዱባ ሚዛን ላይ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ሦስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዱባ አቅርባ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ዱባ ሲያሳድጉ የኖሩትን ሽማግሌዎች ሳይቀር አሸንፋለች። በከተማችን ደንብ መሠረት ያሸነፈ ሰው በሃሎዊን ሰልፍ ቀን በመጀመሪያው ጋሪ ላይ ከዱባው ጎን ተቀምጦ፣ በትራክተር እየተጎተተ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ እህል ጎተራው ድረስ በዋናው ጎዳና ያልፋል። ልጄ ስድስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ የምትመኘው ይህንን ብቻ ነው። ሌሎች ልጆች ብስክሌት ሲጠይቁ እሷ ፍግ ትጠይቀኝ ነበር።

አሁን ግን ኮሚቴዎ የመረጠላትን ልብስ አልለብስም በማለቷ ከጋሪው መሰረዟን የሚገልጽ፣ በእርስዎ የተፈረመ ደብዳቤ ባለፈው ማክሰኞ ደርሶናል። ስለ ፈጣን ውሳኔዎ እያመሰገንኩ፣ ያሉኝን ጥቂት ምስጋናዎችና ቅሬታዎች እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ጨርቅ ቁጠባ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ከኮሚቴው የመጀመሪያ ደብዳቤ ጋር የተላከልንን «የዱባ ንግሥት» የተባለ ልብስ በታላቅ አክብሮት ተቀብለን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ተመልክተነዋል። በመጀመሪያ ቀሪው ክፍል በሌላ ጥቅል የሚመጣ መስሎን ሁለት ቀን ጠበቅን። ሳይመጣ ሲቀር ነው፣ ያ እጅጌም ትከሻም የሌለው፣ ሆድ ላይ ሲደርስ ሥራውን አቋርጦ ከወገብ በታች ለአንድ ስንዝር ያህል እንደገና የሚጀምረው ነገር ሙሉው ልብስ መሆኑን የተረዳነው። ጥቅሉ ላይ «ለታዳጊ ልጃገረዶች» ተብሎ ታትሟል። ለሰልፉ ስፖንሰር የሆነው ሱቅ ጨርቅ እንዲቆጥብ ኮሚቴው ስላደረገው ድጋፍ የልብስ ሰፊዎችን ሁሉ ወክዬ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማጣራት ሱቁ ድረስ ሄጄ ለወንዶች ልጆች የተዘጋጀውን «የዱባ ንጉሥ» አይቼዋለሁ። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ካባ፣ ረጅም ሱሪ፣ ጓንት፣ ጺም ሳይቀር አለው። ንጉሡና ንግሥቲቱ የሚገዙት አንድ አገር ይመስለኝ ነበር፤ የእሱ መንግሥት ሚኒሶታ መሆኑ ግልጽ ሲሆን የእሷ ግን ከምድር ወገብ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም። ከአጠገቡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብስ በወንድና በሴት ተሰቅሎ ስላየሁ ሻጩን ሴቷ እሳቱን በምን እንደምትቋቋመው ጠየቅኩት።

«እመቤቴ፣ በዚህ እኮ ማንም እሳት አያጠፋም» አለኝ።

«ታዲያ የወንዱ ለምን ኮትና ሄልሜት ኖረው?» ብዬ ስጠይቀው፣ ሰውየው ከልቡ ግራ ተጋብቶ «እሱማ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነዋ!» ብሎ መለሰልኝ። ሻጩን አልፈርድበትም፤ የተሰቀለውን ነው የሚሸጠው።

2ኛ፦ ስለ ብርድ ልብሱ። እርስዎም እዚሁ ተወልደው ያደጉ በመሆንዎ የማላስረዳዎት ነገር ነው፤ የሉንድ ክሪክ ልጅ የሃሎዊን ልብስ የሚገዛለት ከልኩ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ነው፣ ምክንያቱም ልብሱ የሚጠለቀው ከበረዶ ጃኬቱ በላይ ነው። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያሉት ፎቶዎች ይመሰክራሉ። ወፍራም ጠንቋይ፣ ወፍራም የባሕር ወንበዴ፣ ክንፏ በጃኬት የተወጠረ ወፍራም መልአክ። በእኛ አገር አጽም እንኳን ይወፍራል። የእርስዎም የልጅነት ፎቶ በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ ደም መጣጭ ቫምፓየር ሆነው፣ ከካባዎ ሥር ሁለት ሹራብ ደርበው፣ አንገትዎ ጠፍቶ፣ በጣም ደስ ብሎዎት ይስቃሉ።

በመሆኑም የመጀመሪያው ደብዳቤ ቁጥር ሦስት «በንግሥቲቱ ልብስ ላይ ጃኬት፣ ሹራብ ወይም ማናቸውም የፎቶውን ውበት የሚያጓድል ነገር መደረብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ሲል መመልከቴ አስደንግጦኛል። ሰልፉ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ጋሪው ክፍት ነው፤ ትራክተሩም በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። አምና በዚያች ቀን የትምህርት ቤቱ ባንድ መለከቶች ከብርዱ የተነሳ ድምፅ አልሰጥ ብለው ከበሮ ብቻ እየተመታ እንዳለፉ ያስታውሳሉ። ለዘንድሮውም በረዶ ተተንብዮአል፤ እኔም መኪናዬን ከወዲሁ እንዳዘጋጅ ከመሥሪያ ቤቴ ታዝዣለሁ።

ቁጥር አራትን ሳነብ ደግሞ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አደረግኩት። «ዱባው በውርጭ እንዳይሰነጠቅ ሰልፉ እስከሚጀመርበት ሰዓት ድረስ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኖ እንዲቆይ ይደረግ» ይላል። ክቡር ሊቀመንበር፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ፊርማ፣ ለዱባው ብርድ ልብስ ታዝዞለት ለልጅቱ ሹራብ ተከልክሏታል። ለአትክልት ያለዎትን ርኅራኄ በጣም አደንቃለሁ። ትእዛዙም ተፈጽሟል፤ ዱባው ከመስከረም ጀምሮ የተሸፈነው አይሊ ከራሷ አልጋ ላይ ገፍፋ ባወጣችው ብርድ ልብስ ነው።

3ኛ፦ ስለ ተባዩ። ልጄ ለዚህች ቀን መልበስ የፈለገችው ሌላ ነገር እንደነበረ ኮሚቴዎ ያውቃል። የዱባ ቅጠል ሥር ተደብቆ ሐረጉን የሚመጥ፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ሲጨፈልቁት የሚሸት ተባይ አለ። አምና የአይሊን ዱባ በሐምሌ አጋማሽ ገና የጭንቅላት ያህል ሆኖ ሳለ ያደረቀባት እሱ ነው። ዘንድሮ ግን ትምህርት ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ በየማለዳው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች እንቁላሉን በጣቷ ስትጨፈልቅ ከረመች። ስለዚህ ለሃሎዊን ያንን ጠላቷን መሆን አሰኛት። አሮጌ ቡናማ ምንጣፍ ቆርጣ ጀርባ ሠራች፣ በረጅም ካልሲ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቃ ተጨማሪ እግሮች አበጀች፣ ከአጥር ሽቦ ቀንድ አወጣች። ሁሉም ከጃኬቷ በላይ ይጠለቃል። እውነቱን ልንገርዎትና ለብሳው በጣም ታስጠላለች፤ ሳያት ዘልዬ የወጥ ቤቱን ወንበር ገልብጫለሁ። ሃሎዊን ሰው የሚያስፈራበት ቀን ነው ተብለን ስላደግን ጥሩ የሠራች መስሎን ነበር።

የኮሚቴው የልብስ ኃላፊ ወይዘሮ ግዌን ስታድለር ግን ልብስ በተለካበት የኮሚቴው ስብሰባ ላይ አይሊን እያቀፉ «ውይ፣ ተባይ! ደስ ይላል እኮ! ግን ለምን ቆንጆ ተባይ አናደርግሽም? ክንፍ፣ አጠር ያለ ቀሚስ፣ ትንሽ ብልጭልጭ ነገር...» አሏት።

«ወይዘሮ ስታድለር፣ ይሄ ተባይ እኮ ዱባ ነው የሚገድለው» አለች አይሊ።

«ገባኝ የኔ ማር። ግን ሰው የሚያየው አንቺን ነው እንጂ ተባዩን አይደለም።»

«ለምንድን ነው እኔን የሚያዩት? ዱባው እኮ እዚያው አለ።»

ከዚህ ጥያቄ በኋላ ስብሰባው ለዕረፍት ተበትኗል። ቃለ ጉባኤውን አግኝቼ ሳነበው የሻይ ሰዓቱ ተመዝግቦ ጥያቄው ግን ስላልተመዘገበ፣ ለታሪክ እንዳይጠፋ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

4ኛ፦ ስለ ኮልቢ። አምና ያሸነፈው የአሥራ አራት ዓመቱ ኮልቢ ሩድ በአባቱ የሥራ ቱታ፣ ጭቃው ባልተጠረገ ቦት ጫማና ጆሮ በሚሸፍን ኮፍያ ጋሪው ላይ ተቀምጦ፣ ሳንድዊች እየበላ ከተማውን አቋርጧል። ኮሚቴው ስለ ልብሱ ምን ብሎት እንደነበር ባለፈው ሳምንት ጠይቄው ነበር። «ጎበዝ አሉኝ» አለኝ።

5ኛ፦ መኪና ውስጥ ስለተነገረኝ ነገር። እስካሁን በትሕትና ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይታገሱኝ። አይሊ ልብሱን አልለብስም ማለቷ ትምህርት ቤት ከተሰማ በኋላ በስልኳ የሚደርሳትን መልእክት አሳየችኝ። «ሕፃን ነሽ እንዴ? ልበሽውና ገላግይን!» ትላለች አንዷ። «ሁላችንም እኮ እንደዚህ ነው የምንለብሰው፣ አንቺ ከማን ትበልጫለሽ?» ትላለች ሌላዋ። እኔንም ገበያ ላይ አንዲት እናት አስቁማ «ዳርላ፣ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ምን አካበድሽው? ቆንጆ ልጅ አለችሽ፣ ምንጣፍ ውስጥ ጠቅልለሽ ልትደብቂያት ነው?» አለችኝ። ሁሉም የሚናገሩት እየሳቁ ነው። እየሳቁ ስለሚናገሩት መልስ መስጠት የከበደ ነው፤ የመለሰ ሰው ጨዋታ የማያውቅ አኩራፊ ይባላል።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሳመጣት መስኮቱን እያየች «እማ፣ ልልበሰው መሰለኝ» አለችኝ።

«ፈልገሽው ነው?»

«አይ።»

«ታዲያ?»

«ካልለበስኩት ወፍራም ስለሆነች ነው ይላሉ። ብለብሰውም ወፍራም ናት ይላሉ። ከለበስኩት ግን ቢያንስ ከዱባዬ ጋር እሆናለሁ።»

መኪናውን ዳር አውጥቼ ሞተሩን አጠፋሁ፤ በሃያ ዓመት የመንዳት ሥራዬ እንደዚያ መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም። ይህች ልጅ በጋውን ሙሉ በጉልበቷ እየዳኸች ቅጠል ስትገለብጥ፣ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ሞልቶ እራት ስትበላ፣ ሰውነቷ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ሲያሳስባት አላየሁም። ሰውነቷ ዱባ የምታሳድግበት ነበር። አሁን መስታወት ፊት ወደ ጎን ዞራ ትቆማለች። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር። አንድ ሦስት ኩንታል ሊሞላ የቀረበ ዱባ ያበቀለች ልጅ ፊት ቆማችሁ የታያችሁ የቀሚሷ ርዝመት ብቻ በመሆኑ ተናድጃለሁ። ለማንኛውም መኪናውን አስነሳሁና «አትለብሽውም፣ ከዱባሽም አትለይም» አልኳት። እንዴት እንደሚሆን ግን በዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር።

6ኛ፦ ስለ ራሴ። ይህንን ቁጥር ለመተው ሁለት ጊዜ ሰርዤው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ሳለ በትምህርት ቤታችን የስፖርት አዳራሽ በተደረገው የሃሎዊን ጭፈራ ላይ እኛ የክፍሉ ልጃገረዶች ሁላችንም ድመት ለመሆን ተስማማን። ድመት ማለት ሁለት ጆሮ አድርጎ ከዚያ በታች ይህ ነው የሚባል ልብስ አለመልበስ ማለት ነበር። በሩ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ «ምንም አይበርድም» እንባባላለን። ከመካከላችን አንዲት ልጅ ግን በአባቷ ሰፊ ቱታ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቃ፣ አፍንጫዋን በካሮት ሠርታ፣ የማሳ ማስፈራሪያ ሆና መጣች። በጣም የሚያስቅ፣ በጣም የተዋጣለት ልብስ ነበር። ለአፍታ ቀናሁባት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማ አድርጌ «በሩን ዝጊው እንጂ፣ ከብቶቹ ገለባውን ተከትለው እንዳይገቡ!» አልኳት። ሁሉም ሳቀ። ልጅቷም አብራን ሳቀች፣ ከዚያ ወጥታ ሄደች፤ የቆመችበት ቦታ ላይ ገለባ ተበትኖ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ድመት ሆና መጣች። እኛም «አሁን ገና ሰው ሆንሽ» አልናት።

ልጅቷ የዛሬዋ ወይዘሮ ግዌን ስታድለር ናት። ስለዚህ ግዌን ልጄን አቅፋ «ሰው የሚያየው አንቺን ነው» ስትላት፣ ይህንን ትምህርት ከየት እንዳገኘች ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ኮሚቴው ብቻውን ጥፋተኛ ነው እያልኩ እንዳይመስልዎት፤ እኔ ራሴ የኮሚቴው መሥራች አባል ሳልሆን አልቀርም። ግዌን፣ ሃያ ስድስት ዓመት ዘግይቼ፣ በአዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በሚያነቡት ጋዜጣ ላይ፣ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ያንን ያልኩት አንቺ ሳይበርድሽ እኔ በርዶኝ ስለነበር ነው።

7ኛ፦ ስለ ዱባው አድራሻ። የማክሰኞው ደብዳቤዎ አይሊ ከጋሪው መሰረዟን ከገለጸ በኋላ፣ ከልጆቹ መካከል ሁለተኛ የወጣችው ማሬን ሶልበርግ የንግሥቲቱን ልብስ ለብሳ በምትኳ እንደምትቀመጥ፣ «ዱባው ግን» ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዲቀርብ ያዝዛል። እዚህ ላይ ለኮሚቴው ከልብ አዝኜለታለሁ። በከተማችን ልማድ ዱባ ከተመዘነ በኋላ ወደ ባለቤቱ ግቢ ተመልሶ እስከ ሰልፉ ጠዋት እዚያው እንደሚያድር፣ ባለቤቱም ራሱ እንደሚያቀርበው እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ዘጠኝ የተከበሩ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ልጅቱን ሲያባርሩ፣ ዱባውን አስቀድሞ መውሰድ ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ዱባው አሁንም በግቢያችን፣ በብርድ ልብሷ ሥር ነው።

ከዚያም የኮሚቴው ጸሐፊ ስልክ ደውለው «ዳርላ፣ ጣጣ አታብዢ፣ ዱባውን ብቻ ላኪልን» አሉኝ።

«ዱባው የማን ነው?» አልኳቸው።

«የከተማው ነዋ! የሰልፉ ነው!»

«ከተማው ስንት ቅጠል ገለበጠ?» ብዬ ስጠይቃቸው መስመሩ ተቋረጠ። የእኛ አካባቢ ስልክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል።

ማሬን ሶልበርግ ደግሞ በማግስቱ በብስክሌቷ እየበረረች ግቢያችን መጣች። ከአይሊ ጋር በዱባው ግራና ቀኝ ቆሙ። ማሬን «የኔ መቶ ሰማንያ ፓውንድ ነው። ሁለተኛ ነኝ፣ ሁለተኛ ነኝ በቃ። ባንቺ ዱባ ንግሥት አልሆንም። ያንንም ነገር አልለብስም፣ ትናንት ለኔም ልከውልኝ ስሞክረው አያቴ አይታኝ የልብስ ማጠቢያው አኮማትሮት ነው ብላ ልታወልቅልኝ ነበር» አለች። አይሊ ከተሰረዘች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ ገብታ የተረፈውን ምንጣፍ አወጣችላት።

እስከ ትናንት ከሰዓት ድረስ በመኪና ማቆሚያ ቤታችን ውስጥ ዘጠኝ ተባዮች ተሰፍተዋል። ያቺ «ሕፃን ነሽ እንዴ?» ብላ የጻፈችው ልጅ ሦስተኛዋ ተባይ ናት፤ ስትመጣ ዓይኗን መሬት ተክላ «እኔም እኮ በጣም ነው የሚበርደኝ» አለች። ገበያ ላይ ያስቆመችኝ እናትም መቀሷን ይዛ መጥታለች። ተጨማሪ ምንጣፍ ስላስፈለገን፣ ሳሎኑን ለመቀየር ያሰበ የከተማችን ነዋሪ ቢኖር በዚህ አጋጣሚ ትብብሩን እንጠይቃለን።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ኮሚቴዎ በዚህ ጉዳይ ተጨማሪ ስብሰባ ተቀምጦ እንዳይደክም የሚከተለውን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ዱባው በራሳችን ጋሪ፣ በራሳችን ትራክተር ከግቢያችን ይነሳል። ትራክተሩን የምነዳው እኔ ነኝ። አይሊ ከዱባዋ ጎን ትቀመጣለች፤ ጃኬቷን ለብሳ፣ ከጃኬቷ በላይ ያንን አስቀያሚ ነገር አጥልቃ። ስምንቱ ተባዮች ከኋላዋ ይከተላሉ። የሰልፉ መንገድ በደጃችን ስለሚያልፍ ከፊት እንድንገባም ሆነ ከኋላ፣ ኮሚቴው ያዘዘንን ቦታ በደስታ እንቀበላለን። ከሰልፉ ውጪ ናችሁ ከተባልንም መንገዱ የሕዝብ ነውና በእግረኛ ፍጥነት፣ የትራፊክ ሕግ አክብረን፣ ለብቻችን እንሄዳለን። ባዶው ጋሪ ላይ ማንን እንደሚያስቀምጡ ኮሚቴው ይወስን፤ ማንም ሴት ልጅ ግን እንደማትወጣበት አጣርቻለሁ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠይቄአቸዋለሁ። ግዌን፣ የአባትሽ ቱታ አሁንም ካለ፣ በእኛ ጋሪ ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። ገለባውን እኔ አመጣለሁ።

ይህንን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ቁርስዎም ሳይቀዘቅዝብዎት እንዳልቀረ ስለምገምት፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴዎ ዓመት እስከ ዓመት እንዲሰነብት፣ ፎቶ አንሺዎ ትኩረቱ የሰላ እንዲሆን፣ እርስዎም በክብር መድረኩ ላይ በካባዎና በጓንትዎ ተሸፍነው ምንም ብርድ ሳይነካዎት ሰልፉን ለመቀበል እንዲበቁ ከልብ እየተመኘሁ፣

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣

ዳርላ ኒስካነን
የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር፣ የቀድሞ ድመት፣ የአይሊ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ «የዱባ ንግሥት» የተባለውን ልብስ እንደተቀበልኩት ንጹሕ አድርጌ አጥፌ፣ በተራ የደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ትናንት በስምዎ ልኬዋለሁ። ዘግይቶ ከደረሰዎት ጥፋቱ የእኔ አይደለም። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ እጇ ላይ አመዛዝና፣ ወደ መብራቱ አንሥታ አየችና፣ «ዳርላ፣ ደብዳቤውን ቤት ረስተሽ ባዶውን ነው ያሸግሽው» ብላ መልሳልኝ ነበር።